ለኤሌክትሪክ ምጣድና ለምድጃ የሚዘረጋ የኩሽና ሶኬት

በመካነ ሰላም ከተማና በአካባቢው ኤሌክትሪክ በገባባቸው ቤቶች ከፍተኛውን ኃይል የሚወስደው የቤት ዕቃ የእንጀራ ምጣድ ነው። የተለመደው ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 16 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት ሶኬት በ220 ቮልት የሚሸከመው ግን እስከ 3,520 ዋት ብቻ ነው። በመሆኑም ምጣድን በተራ ሶኬት፣ ይባስ ብሎም በኤክስቴንሽን ገመድ ላይ መሰካት ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ሲሆን ሽቦው በልስኑ ሥር ሲግል ከውጭ አይታይም፤ እንጨቱም በቀላሉ ይያያዛል።

ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚነሳ፣ ከ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ያላነሰ የመዳብ ሽቦና የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ያለው ልዩ መስመር ሊዘረጋ ይገባል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መተካት፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ሽቦውን ያለ ጠባቂ ማስቀረት ነው። አነስተኛ ምድጃ በ16 አምፔር ሶኬት ሊሠራ ይችላል፤ ሶኬቱ ግን ከውኃ መቅጃና ከእሳት ራቅ ብሎ ይተከል።

የምጣዱ አካል ብረት ነው፤ የምትጋግረውም እናት እጇ በሊጥ የራሰ ነው። ስለዚህ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የምድር ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ሳይገናኝ ምጣዱ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ መከላከያ ቢጨመርበት ይመረጣል።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤት ውስጥ ዝርጋታ የደንበኛው ኃላፊነት ሲሆን፣ የሚያከናውነው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ መሆን አለበት። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ላለ ብልሽት በ905 ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።