ያልደረሰ ቃጠሎ ዋጋ፦ የእሳት አደጋ መከላከል ዲግሪና ከፋዮቹ



በእሳት አደጋ መከላከል ምህንድስና መመረቅ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ያስተምራል፤ ተማሪውም በእነዚያ ዓመታት ሊያገኝ ይችል የነበረውን ደመወዝ ይተዋል። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የሥራ አማካሪ አይደለሁም፤ ስሌቱ ግን ረጅም ታሪክ ስላለው በዚያው በኩል ልመልስ።

የዚህን ሙያ ዋጋ መጀመሪያ የተመነው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የመድን አረቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ዘካርያስ አለን የተባለ የሮድ አይላንድ ባለፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን እሳት እንዲቋቋም አድርጎ ካሻሻለ በኋላ አረቦን እንዲቀነስለት ጠየቀ። እንቢ ተባለ። እርሱም ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ የጋራ መድን ድርጅት አቋቋመ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አረቦን እንደ ሕንፃው ይዞታ የሚለያይ ከሆነ፣ አንዱ ፋብሪካ ከሌላው በምን እንደሚሻል አይቶ የሚመሰክር ባለሙያ ያስፈልጋል። ሙያው የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው።

ትምህርት ቤት ያገኘው ግን በቺካጎ ነው። የ1871ዱ ታላቅ ቃጠሎ 300 ያህል ሰዎችን ገድሎ ወደ 100,000 የሚጠጉትን ያለ መጠለያ ሲያስቀር፣ በርካታ የመድን ኩባንያዎችንም አክስሯል። በ1894 ዊልያም ሄንሪ ሜሪል ዕቃዎችን ከእሳት አንጻር የሚፈትሽ ቤተ ሙከራ በዚያው ከተማ አቋቋመ። በ1903 ደግሞ የአርሞር የቴክኖሎጂ ተቋም በእሳት መከላከል ምህንድስና የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት ጀመረ። የዚያው ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን፣ እሳት አይነካውም ተብሎ ማስታወቂያ የተነገረለት የኢሮኮይ ቲያትር ቤት ተቃጥሎ ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ።

የመድን ኩባንያዎች ለአርሞር ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጡ ነበር፤ ምሩቁም አረቦን በሚተምኑ ቢሮዎቻቸው ውስጥ ሥራ ያገኛል። ለድኻ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስሌት ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ የሚከፍል ሰው የሚጠየቀውንም ጥያቄ ይመርጣል። መድን ሰጪው ከምንም በፊት የሚቆጥረው የሕንፃና የሸቀጥ ኪሳራ ነው። መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ የትሪያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ሕንፃው ግን አልፈረሰም። ዛሬም የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ይገለገልበታል። ባለቤቶቹም የመድን ካሳቸውን ተቀብለዋል። በንብረት ሒሳብ ብቻ ከሄድን፣ ያ ሕንፃ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው! ከዚያ በኋላ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፋብሪካዎችን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሞ ሕጎቹን አሻሻለ። በ1913ም የአገሪቱ የእሳት መከላከል ማኅበር ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት ብቻ የሚመክር ኮሚቴ መሠረተ። ለሙያው ሁለተኛ ከፋይ የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሕግ ነው።

በእኔ አስተያየት የዲግሪው ትርፍ የሚታወቀው ከዚህ ሁለተኛ ከፋይ ጥንካሬ ነው። የአርሞር ተቋም በ1940 ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ የኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆነ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱም በ1980ዎቹ ተዘጋ። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1956 የከፈተው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል። ምሩቃኑን የሚቀጥሩት መድን ሰጪዎች ብቻ ሳይሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ አማካሪ ድርጅቶችና ፋብሪካዎችም ናቸው። ከአንድ ከፋይ ጋር ብቻ የተሳሰረ ትምህርት ከፋዩ ሲደክም አብሮ ይደክማል የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ወደ እናንተ ልምጣ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። የባለሙያ እጥረት አለ ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እጥረት መኖሩ ግን የሚከፍል አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምመክረው፣ በሲቪል ወይም በሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው በእሳት መከላከል ሁለተኛ ዲግሪ እንዲቀጥሉ ነው። በአሜሪካ የዉስተር ፖሊቴክኒክ ተቋም ከ1979 ጀምሮ ይህን መንገድ ከፍቷል። ወጪውም ጊዜውም ይጨምራል፤ ነገር ግን ፊርማችሁን የሚፈልግ ሕግ ባይኖር ወይም ቢኖርም ባይሠራበት፣ በመጀመሪያው ሙያችሁ እንጀራ ትበላላችሁ። በጠባቡ ዲግሪ ብቻ ወጥቶ መቆም የሚያዋጣው ሕጉ በሚከበርበት አገር ነው።

የትምህርት ክፍያውን ከማስላታችሁ በፊት ግን ወደ አንድ የመድን ድርጅት ጎራ በሉ። እሳት ሲነሣ ከጣሪያው በራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ለተገጠመለት መጋዘን አረቦኑን በስንት እንደሚቀንሱ ጠይቁ፤ መልሱንም ይዛችሁ ኑና እንነጋገር።