የፈላ ሞተር የጉዳት ምርመራ

የፈላ ሞተር የጉዳት ምርመራ መኪና የማቀዝቀዣ ውሃውን ጨርሶ ከመጠን በላይ ከጋለ በኋላ የትኛው የሞተር ክፍል እንደተጎዳ ቴስታታው ሳይወርድ ለመለየት የሚደረግ ፍተሻ ነው። ቴስታታ በሲሊንደሮቹ አናት ላይ የሚታሰረው የሞተር ክፍል ሲሆን፣ ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ይባላል። በብዙ መኪኖች ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ደግሞ የብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቴስታታውና ጓርኒሲዮኑ ናቸው።

የሙቀት ጌጅ ለምን ያሳስታል

ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ፈሳሽ ሙቀት ነው። ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል፤ ሞተሩ እየጋለ ጌጁ ግን ወደ መካከል ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ጌጁ ቀዩን አልነካም» ማለት ሞተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ያለ ውሃ ስንት ደቂቃ እንደተነዳ ማወቅ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ለብዙ ሞተሮች የተለመደ የሥራ ሙቀት ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ጤነኛ ሞተርን ሊያፈላ ስለሚችል፣ ርካሹ ዕቃ ቀድሞ ይመረመራል።

አመረማመር

ሞተሩ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ወይም ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈት ደግሞ ሰው ያቃጥላል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹ ወጥተው በእጅ ይዞራል። ውሃ ስለማይታመቅ፣ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በማስነሻ ሞተር ሲዞር ቢዬላ ሊያጣምም ይችላል። ከሌሎቹ በተለየ ታጥቦ የጸዳ የሚመስል ካንዴላ ውሃ የሚገባበትን ሲሊንደር ይጠቁማል። ጨርሶ የማይዞር ሞተር ፒስተኑ ወይም ኩሽኔታው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ ከጓርኒሲዮን አልፏል።

ቀጥሎ ውሃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሰጠዋል። ግፊቱ ወርዶ ውጭ ምንም ካልፈሰሰ፣ ውሃው ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ዘይት እየሄደ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት መታየቱ ከባድ ምልክት ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ከታየ ግን አጭር ርቀት ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ የሚጠራቀም እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ብቻ ቴስታታ ማስወረድ ችኮላ ነው።

ወሳኙ የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ፣ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው መቃጠሉ በጣም የሚያስጠረጥር ነው። ከራዲያተሩ አፍ በሚወጣው አየር ላይ የሚሞከር ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ቴስታታው ከወረደ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ ጠፍጣፋነቱ ይለካል። ፋብሪካዎች የሚፈቅዱት መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህ ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን ከተገጠመ ሞተሩ እንደገና ሊፈላ ይችላል።