የመሸበት እንግዳና የአጋሰስ ጭነት
በኢሉባቦር የረጅም ጉዞ ታሪክ

ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ተሳላሚም ይሁን ነጋዴ፣ ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ማሰብ ግድ ይሆንበታል። አንደኛው ፀሐይ ስትጠልቅ የት እንደሚያድር፣ ሁለተኛው ስንቁንና ጓዙን ማን እንደሚሸከምለት ነው። በአሁኑ ጊዜ በስፔን አገር ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚጓዙ ብዙ ተሳላሚዎች ማደሪያቸውን አስቀድመው ያስይዛሉ፤ ሻንጣቸውንም መኪና ከአንዱ ማደሪያ ወደሚቀጥለው ያደርስላቸዋል። በመስተንግዶና በማጓጓዝ ሙያ ለተሰማራነው የማኅበራችን አባላት ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ነገር ግን እንደ ኢሉባቦር ያለ ደኑ የጠቆረ፣ ወንዙ የበዛ፣ ዝናቡ የማያባራ አገር እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንዴት ሲመልሳቸው እንደኖረ የመረመርን ጥቂቶች ነን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የጥንቱ የኦሮሞ ተሳላሚዎች ታሪክ ነው። «ጂላ» ይባሉ የነበሩት መልእክተኞች በየስምንት ዓመቱ ከየአገራቸው ተነሥተው ወደ አባ ሙዳ በእግር ይወርዱ ነበር። መንገዱ ወራት የሚፈጅ፣ እርስ በርሳቸው የሚዋጉ የብዙ ጎሣዎችን ምድር የሚያቋርጥ ነበር። ጂላዎች ግን መሣሪያ አይዙም። በጠላትነት የሚፈላለጉ ወገኖች እንኳ እጃቸውን አያነሡባቸውም፤ አሳድረው ይሸኟቸዋል እንጂ። ማደሪያቸውም ጥበቃቸውም ይኸው ክብር ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ጉዞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ተከለከለ። ልማዱ ቢቋረጥም ተሳላሚን አሳድሮ የመሸኘት ባህል ግን አብሮት አልጠፋም። በባሌ የድሬ ሼህ ሁሴን ተሳላሚዎች ባለ ባላ በትራቸውን ይዘው በየመንገዱ ባለው ሕዝብ ቸርነት እየኖሩ ሲጓዙ ቆይተዋል። በምዕራብም ከቦርኖ ምድር የመጡት የቲጃኒያው መሪ አል-ፈቂ አሕመድ ዑመር በ1953 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ፣ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለው መካነ መቃብራቸው ያአ ዝነኛ የጉብኝት ስፍራ ሆነ። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሚናኮ ኢሺሃራ በሰፊው ያጠኑት የዚህ ማኅበር ተከታዮች ከጅማና ከአካባቢው ተነሥተው፣ መኪና መንገድ ባልነበረበት ዘመን፣ የምዕራቡን ወንዞች በእግር ተሻግረው ነው ያአ የሚደርሱት።

የግል ተጓዥ ማደሪያ የሚያገኘው በአንድ ቃል ነበር። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይባላል። ባለቤቱ እንግዳው ከየት መጣ ብሎ ከመጠየቁ በፊት እሳት ይቆሰቆሳል፣ ቡና ይቀርባል፤ በኦሮሞው ቤት በክብር ቀን ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተቆልቶ ይሰጣል። እንግዳውም ሸክም እንዳይሆን ስንቁን ይዞ ይሄዳል። በሶው በስልቻ፣ ጭኮው በአገልግል፣ ዳቦ ቆሎው በከረጢት ነው። ስንቅ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ቀላል፣ ደረቅና የማይበላሽ መሆኑ የሸክምን ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል። ተሳላሚው ጭነቱን የሚቀንሰው በተሸካሚ ብዛት ሳይሆን በምግቡ ዓይነት ነበር።

ይሁን እንጂ ከእግዜር እንግዳ ሌላ የመንግሥት እንግዳም ነበር። ደብዳቤ ይዞ የሚጓዝ መኳንንት፣ ወታደር ወይም የውጭ አገር ሰው በደረሰበት ሁሉ «ድርጎ» ይታዘዝለታል። እንጀራው፣ ጠላው፣ በጉና የበቅሎው ገብስ የሚመጣው ከገበሬው ጎተራ ነው። ጓዙንም እስከሚቀጥለው ወረዳ ድረስ የሚያደርሰው ገባሩ ነበር። ስለ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ተቀባይነት በውጭ ቋንቋ ከተጻፉት ምስጋናዎች አንዳንዶቹ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገበሬው በፈቃዱ ያላቀረበውን ምግብ የሚያመሰግኑ ናቸው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ይህን የጉልበት ግዴታ በወረቀት ላይ እስኪሽሩ ድረስ፣ የኢሉባቦር ገባር ትከሻ ዋጋ የማይከፈልበት ማጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ባሮችም በዚያው መንገድ ይነዱ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

የጭነትን ነገር በእርግጥ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ጎሬና ጋምቤላ መንገድ መመልከት አለበት። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ጋምቤላ ደግሞ ከ530 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ነጋዴው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከብርዱ ደጋ ወደ ወባው ቆላ ይወርዳል። ተሰማ ገና ደጃዝማች ሳሉ በ1898 እ.ኤ.አ. ወደ ነጭ ዓባይ የዘመተው ጦራቸው በጥይት ሳይሆን በንዳድ የረገፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ1904ም ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ።

እዚህ ላይ አስቸጋሪው ነገር የወንዙና የመንገዱ ወቅት አለመስማማቱ ነው። ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ባሮን የሚወጣው ወንዙ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነበር። አጋሰስ መንገዱን የሚችለው ግን ወንዙ ሲጎድል፣ በበጋ ነው። ከዚህም የተነሣ ቡናው በበጋ ወርዶ በጋምቤላ መጋዘን ክረምትን ይጠብቃል፤ በክረምት የደረሰው ጨውና ጨርቅ ደግሞ በተራው በጋን ጠብቆ ወደ ጎሬ ይወጣል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1976 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የድኅረ ምረቃ ጥናት የዚህን ጠረፍ ንግድ በስፋት ያብራራል።

የሲራራ ነጋዴው ሥርዓት ለእኛ ሙያ ትምህርት ያለው ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ደኅና አጋሰስ አምስት ወይም ስድስት ፈረሱላ ይሸከማል። መቶ ፈረሱላ ቡና ያለው ነጋዴ እንግዲህ ሃያ ያህል እንስሳት ያስፈልጉታል ማለት ነው። ቅፍለቱ ጎሕ ሲቀድ ይነሣና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይሰፍራል፤ ምክንያቱም ከብቱ መጋጥ አለበት። ሲሰፍርም መጀመሪያ የሚራገፈው ጭነቱ ነው። ጀርባው የተላጠ አጋሰስ በማግሥቱ ገጣባ ይሆናል፤ ገጣባ የሆነም እንስሳ ጭነቱ ለጓደኞቹ ይደለደላል፣ እነሱም በሦስተኛው ቀን ይደክማሉ። ስለዚህ የዕለቱ መንገድ የሚለካው በሰው እግር ሳይሆን በእንስሳው ጀርባና በሣሩ መገኛ ነበር። የሰፈር ቦታውን የሚመርጡት ውኃውንና ሣሩን፣ እንዲሁም የጅቡን ጉዳይ፣ አስቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በኬላው ላይ የሚከፈለውም ቀረጥ በሒሳብ ውስጥ ይገባል።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜ መንግሥት ራሱ የመሸበት እንግዳ ሆኖ ጎሬ ገባ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ አስተዳደሩን በዚያ ይዘው ቆዩ፤ ራስ እምሩም ከጎጃም ጦር ይዘው መጡ። ያን ሁሉ ሰው ማሳደርና መመገብ ለኢሉባቦር ገበሬ ምን ያህል እንደከበደ መገመት አያስቸግርም።

ጋምቤላ በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰች በኋላ የወንዙ ንግድ ቀስ በቀስ ተዳከመ፤ ቡናውም ፊቱን በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ከጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው መቱ አድጋ ዛሬ የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2010 እ.ኤ.አ. የያዮ የቡና ደን በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የእግር ጉብኝት ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ለዚህ የሚሆን አርአያ በአገራችን አለ። በወሎ በመቄት፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የገበሬ ማኅበራት የራሳቸውን የእንግዳ ጎጆ ሠርተው ተጓዥ ያሳድራሉ፤ ጓዙን የሚሸከመው የገበሬው አህያ ነው፤ ገንዘቡም ለአህያው ባለቤትና ለማኅበሩ ይደርሳል። ድርጎ የነበረው ነገር ደመወዝ ሆነ ማለት ነው።

የመቄትን አሠራር እንዳለ ወደ ኢሉባቦር ለማምጣት ግን የቡናውን ወቅት መቁጠር ያስፈልጋል። ዝናቡ ቀንሶ መንገዱ ለእግረኛ የሚመቸው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ በዚያው ጊዜ ግን ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሕፃን ሳይቀር፣ ለቡና ለቀማ ደን ውስጥ ይውላል፤ አህያና በቅሎም ቀይ ቡና ሲያመላልሱ ይሰነብታሉ። ተጓዡ በታኅሣሥ ቢመጣ ቤቱን ባዶ፣ አጋሰሱንም ሥራ ላይ ያገኘዋል። ቡናው ደርቆ ከተሸጠ በኋላ ያሉት የካቲትና መጋቢት ይቀራሉ፤ በሚያዝያ ዝናቡ እንደገና ይበረታል።