ቀን የተቆረጠለት ፍርሃት

ባለፈው ክረምት ደሴ ባለችው አጥቢያችን የቢሮውን አሮጌ ቁም ሣጥን ስናጸዳ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ ወጣ። ከወጣቶቹ አብዛኞቹ ምን እንደሆነ አላወቁትም። በአንዱ ዲስክ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ቫይረስ አለበት፣ እንዳትከፍቱት» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ትልልቆቹ ጽሑፉን ስናየው ሳቅን፤ ቆይተን ግን አፈርን። ያፈርንበትን ለወጣቶቹ በቅጡ ስላልነገርናቸው እዚህ ልንጽፈው ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው ከደሴ ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የኮምፒውተር ቫይረስ ተገኘ። የሚተላለፈው በፍሎፒ ዲስክ ነበር፤ የተበከለ ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተረስቶ ማሽኑ ከተነሣ ቫይረሱ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገባና ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ ምንም አያደርግም። ማርች 6 ቀን ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ግን የሃርድ ዲስኩን መጀመሪያ በማይረባ ነገር ይሞላዋል፤ ባለቤቱም ሥራውን ያጣል። ያ ቀን የጣሊያናዊው ሠዓሊ የማይክል አንጄሎ ልደት መሆኑን አንድ ሰው ስላስተዋለ ቫይረሱ በዚያው ስም ተጠራ። በቫይረሱ ውስጥ ስለ ሠዓሊው አንድም ቃል የለም፤ ስሙን የሰጡት ሰዎች ናቸው። ስም ያለውና ቀን የተቆረጠለት ነገር ደግሞ ለዜና ይመቻል።

እ.ኤ.አ. በ1992 መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ኮምፒውተር አቅራቢ 500 ያህል የተበከሉ ማሽኖችን ሳያውቅ ለገበያ ማውጣቱ ሲሰማ ወሬው ተቀጣጠለ። የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ሻጭ የነበረው ጆን ማካፊ ስንት ኮምፒውተር ሊጠፋ እንደሚችል ሲጠየቅ ከ50 ሺህ እስከ 5 ሚሊዮን የሚደርስ ግምት ሰጠ። 50 ሺሁ ተረስቶ 5 ሚሊዮኑ በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ ዞረ። ሰው ጸረ ቫይረስ ለመግዛት ተሻማ። መከላከያው እኮ ቀላል ነበር፤ ኮምፒውተሩን በዚያ ቀን አለመክፈት፣ ወይም የማሽኑን ቀን አስቀድሞ ወደ ማርች 7 ማሻገር ይበቃል። ይህ ግን ብዙ አልተወራም።

ቀኑ ደረሰ፤ ዓርብ የካቲት 27 ቀን 1984 ዓ.ም.። በዓለም ዙሪያ ተጎዱ የተባሉት ኮምፒውተሮች ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ይሆናሉ። ከእኛው አህጉር በደቡብ አፍሪካ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ የነበሩ ማሽኖች መጎዳታቸው ተዘግቧል። ሥራውን ላጣው ባለ መድኃኒት ቤት ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ከ5 ሚሊዮን ጋር የሚያገናኘው የለም። የማካፊ ኩባንያ በዚያው ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ።

እኛ በዚያ ቀን የት ነበርን? ደርግ ከወደቀ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። በየቤቱ ተደብቀን እንጸልይ የነበርን ሰዎች በር ከፍተን መዘመር እየተለማመድን ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች በደሴ ጎዳናዎች ላይ ነበሩ። አብዛኞቻችን ኮምፒውተር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ማይክል አንጄሎ ቶሳ ሥር ቢመጣም ብዙ የሚያጠፋው ነገር አያገኝም ነበር።

ኮምፒውተር ወደ እኛ የቀረበው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በፒያሳ የታይፕ ትምህርት ቤቶች ከጽሕፈት መኪናዎቹ ጎን አንድ ሁለት ኮምፒውተር አቆሙ፤ የመዘምራኑን መዝሙሮች እዚያ እየሄድን በፓወር ግዕዝ ማስጻፍ ጀመርን። ዲስኩን በኪሳችን ይዘን በሚኒባስ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ላሉት ወንድሞች እናደርሳለን፤ እነሱ የራሳቸውን ጨምረው ይመልሱልናል። አንድ ቀን ዲስኩ አልከፈት አለ። የሁለት ዓመት መዝሙር፣ ከዚያም ጋር የተጠማቂዎች ስም ዝርዝር ጠፋ። ልደቱ የሚከበርለት ሠዓሊም፣ በሬዲዮ የተነገረ ቀንም አልነበረም፤ ዲስኩ ከቤት ቤት ሲዞር ያነሣው ተራ ቫይረስ ነው። ሌላ ግልባጭ አላስቀረንም ነበር። ቀዩን ማስጠንቀቂያ የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው።

የጠፋው ዝርዝር ከሰዎች ትውስታ ተለቅሞ ተተካ። ኮምፒውተር ግን በእኛ ዘንድ ሌላ ታሪክም ነበረው። ብራስልስ ውስጥ «አውሬው» የሚባል ሦስት ፎቅ የሚያህል ኮምፒውተር አለ፣ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ቁጥር ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከስብከት ወደ ስብከት ይተላለፍ ነበር። እኛም ሰምተናል፤ ሰምተንም ሰብከናል። ምንጩን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አንድ አሜሪካዊ ክርስቲያን ደራሲ ለልብ ወለዱና ለፊልም ጽሑፉ የፈጠረው ነገር ነበር፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ እውነተኛ ዜና ሲታተም ደራሲው ራሱ ፈጠራ መሆኑን አስረድቷል። ማስተባበያው ከወሬው ጋር እኩል አልተጓዘም። ወደ ወሎ የደረሰው ወሬው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የ2000 ችግር መጣ። የቀድሞ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቦታ ለመቆጠብ ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ ይጽፉ ስለነበር፣ 99 አልፎ 00 ሲመጣ ማሽኖቹ ወደ 1900 የተመለሱ እንዳይመስላቸው ተሰጋ። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ባለሙያዎች ዓመታት ሠርተው፣ በዓለም ደረጃ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነው የተስተካከለው የሚባለው። እነርሱን አንነቅፍም። ነቀፋችን ራሳችን ላይ ነው። ባንክ ይዘጋል፣ አውሮፕላን ይወድቃል የሚለውን ዜና ከብራስልሱ አውሬ ጋር ሰፍተን፣ የጌታ መምጣት በዚያች ሌሊት የሆነ ያህል አወራን። በግልጽ «ቀኑ ነው» ያለ ከመካከላችን አልነበረም። ሆኖም ጌታ ያልነገረንን ቀን በድምፃችን፣ በዕንባችን፣ በመዝሙራችን ምርጫ ነገርን።

አስቂኙ ነገር የእኛ ቀን መቁጠሪያ ነው። ሌሊቱ ለፈረንጅ የ2000 ዋዜማ ሲሆን ለእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር፤ የራሳችን 2000 ሊገባ ከሰባት ዓመት በላይ ይቀረዋል። ማይክል አንጄሎ ዓለምን ያስፈራው በፈረንጅ 1992 ነው፤ እኛን በአበሻ 1992 የሰው 2000 አስፈራን። ጎረቤቶቻችን ምንም አልመሰላቸውም። ኦርቶዶክሶቹ የነቢያትን ጾም ይዘው ገናን ይጠብቃሉ፤ ሙስሊሞቹ የረመዳን መጨረሻ ላይ ናቸው። በደሴና በኮምቦልቻ ሰፈር ሁሉ ጾመኛ ነበር፣ የሚሸበር ግን አልነበረም። በአዳር ጸሎት ሰዓት እየቆጠርን ያደርነው እኛ ብቻ ነን ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ደግነቱ መብራት አልጠፋም። በደሴ መብራት መጥፋት የዘወትር ነገር ነው፤ በዚያች ሌሊት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንል እንደነበር ስናስበው አሁንም ይቀፈናል።

ነጋ። ሻይ ጠጥተን ወደየቤታችን ሄድን። ስለ ስብከቶቹ ማንም ምንም አላነሣም፤ በሚቀጥለው እሑድ ስለ ሌላ ነገር ተሰበከ።

የሚከብደን ግን ሌላ ነው። በ1991 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ነበር። በልግ አምራች ለሆነ ደገኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። የኛ የጸሎት ርእስ ኮምፒውተር በነበረባቸው ወራት ከብቱን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ነበር። በጸሎት ዝርዝራችን ላይ ስሙ ነበረ፤ «ስለ ዝናብ» የሚል አንድ መስመር፣ ከታች።

ወሎ ይህን ማወቅ ነበረባት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝቧ ሲያልቅ ዓለም የሰማው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልሙን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ካሳየ በኋላ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ለለጋሾች በቁጥር አስረድቶ ነበር። ያ ማስጠንቀቂያ የተጋነነ አልነበረም፤ ስለዚህም ይሆናል ብዙ ጆሮ ያላገኘው። የማይክል ቡርክ ዘገባ ከኮረም በቢቢሲ የታየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ሰባት ወር። የማይክል አንጄሎ ወሬ ዓለምን ለመሙላት የፈጀበት ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ከዚያች የአዳር ጸሎት አራት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ከፊሊፒንስ የተነሣ «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው የኢሜይል መልእክት በሰዓታት ውስጥ ዓለምን ዞረ፤ ሚሊዮኖች ኮምፒውተሮችን በክሎ የብዙ ሰው ፋይል አጠፋ። ይህኛውን ማንም አስቀድሞ አልተነበየለትም፣ ቀንም አልተቆረጠለትም። ሰው የከፈተው ፈርቶ ሳይሆን የፍቅር ደብዳቤ መስሎት ነው።

ወደ ቃሉ ስንመለስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 2 ሁልጊዜ ያስገርመናል። እነዚያ ቅዱሳን የታወኩት የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ ነው፤ ከሐዋርያው የተላከ የሚመስል ደብዳቤም ሳይኖርበት አልቀረም። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ፣ የታመነ ሰው ስም ለብሶ። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ «መልካም ጊዜ» የሚል ርእስ ያለውን ኢሜይል እንዳትከፍቱ የሚል ማስጠንቀቂያ በዓለም ዞሮ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቫይረስ ፈጽሞ አልነበረም። ይልቅ ማስጠንቀቂያው ራሱ ሰዎች ለወዳጆቻቸው እያባዙት እንደ ቫይረስ ተሰራጨ። ለሰባት ሰው ካላደረስህ እየተባለ በእጅ እየተገለበጠ ይዞርብን የነበረውን ወረቀት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ በቴሌግራም ይመጣል። ጳውሎስ ታዲያ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ሥራ ፈትተው ለተቀመጡት ሰዎች የሰጠው መመሪያ ሥራቸውን ሠርተው የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ ነው። እኛ ምዕራፍ 2ን ስንሰብክ ምዕራፍ 3 ላይ ሳንደርስ ሰዓት ያልቅብን ነበር።

ይህን የምንለው አንድ ልጅ ስለነበረን ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እሱ በ1992 የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በኅብረቱ ውስጥ በጸሎት የተጋ። በኅዳር ወር ወደ እኛ መጥቶ ትምህርቱን መቀጠል ይገባው እንደሆነ ጠየቀ። «ተው» አላልነውም፤ «ቀጥል»ም አላልነውም። «ጊዜው አጭር ነው፣ ጸልይበት» አልነው። ጸለየበትና ትምህርቱን ተወ። ጥር ሲመጣ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም፤ ወደ ኅብረቱም እንዲሁ። እኛም «ተሰናከለ» ብለን መዘገብነው፤ ማን እንዳሰናከለው በዚያ መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

ከዓመታት በኋላ፣ አገሩ ሁሉ የራሳችንን 2000 ሊቀበል ባንዲራ በሚሰቅልበት ሰሞን፣ ከእኛ ሁለታችን ኮምቦልቻ መነኸሪያ አገኘነው። የሚኒባስ ረዳት ሆኗል። አቅፎ ሳመን፤ ሒሳብ አንቀበልም ብሎ ከፊት አስቀመጠን። ሐረጎን ስንወጣ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ያ ኮምፒውተር መጨረሻው ምን ሆነ?» አለን። ተሳፋሪው ስላልገባው ዝም አለ። እሱ ይስቅ ነበር። ይቅርታ ልንጠይቀው አስበን ሳለ ሚኒባሱ ደሴ ገባ፤ ሰው ሊያወርድ ሄደ።