ላም አለኝ በሰማይ፦ የቢዝነስ ትምህርት ለማን?

የቢዝነስ ትምህርት የኅብረተሰብን ችግር ይፈታል ወይ? ምሁራን በዚህ ጉዳይ ሲወያዩ መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን "ሥርዓተ ትምህርቱ ይሻሻል፤ ሥነ ምግባርም ሥራ ፈጠራም ይጨመርበት" ይላል። ሌላው ወገን "የቢዝነስ ትምህርት ሥራው ትርፍ ማስተማር ነው፤ ድህነቱን ለመንግሥትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተዉት" ይላል። ሁለቱም ዘለው የሚያልፉት አንድ ጥያቄ ግን አለ። የተማረው ልጅ ተመርቆ የሚያገለግለው ማንን ነው?

ይህን ጥያቄ አፍጥጠው ከጠየቁት መካከል ህንድ ውስጥ፣ በጉጅራት ግዛት የነበሩ ሰዎች ይገኙበታል። ታሪኩ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከወተት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወተቱን የማያዩ ባለላሞች

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረታችን የካይራ አውራጃ ገበሬዎችን ሳያውቅ የተረተባቸው ይመስላል። በ1945 የቦምቤይ መንግሥት ለከተማው ወተት የሚቀርብበትን እቅድ አወጣ። ወተቱ ከካይራ ተሰብስቦ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ይጓዛል። የመሰብሰቡን መብት በብቸኝነት ያገኘው ፖልሰን የተባለ የግል ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ከደላላ ይገዛል፣ ደላላው ከገበሬው ይገዛል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ሁልጊዜ ከላይ ያለው ነው። ወተት ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ገበያ እስኪወደድ አይጠብቅም። ማታ የታለበው ጠዋት ካልተሸጠ ይበላሻል። ገበሬው ምን አማራጭ አለው? የሰጡትን ተቀብሎ ወደ ቤቱ መመለስ ብቻ።

ገበሬዎቹ አቤት ያሉት ከነጻነት ትግሉ መሪዎች አንዱ ለነበሩት ለሳርዳር ፓቴል ነበር። የሳቸው ምክር አጭር ነው፦ የራሳችሁን ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሙ፤ ከከለከሏችሁ ወተት አትሽጡ። በ1946 መጀመሪያ፣ ኋላ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሞራርጂ ዴሳይ በተገኙበት፣ ሳማርካ በተባለች መንደር ገበሬው በዚሁ ተስማማ። ከዚያም ለ15 ቀን አድማ መታ። ቦምቤይ ወተት አጣች፤ መንግሥትም እጅ ሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማኅበሩ በትሪቡቫንዳስ ፓቴል መሪነት ተመዘገበ። ሥራውን ሲጀምር የሚሰበስበው ከሁለት መንደሮች በቀን 250 ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። ድፍረት ነበረው፤ ያልነበረው ሙያተኛ ነው።

የገበሬው ቅጥረኛ

በግንቦት 1949 ቨርጌዝ ኩሪየን የተባለ የ27 ዓመት መሐንዲስ አናንድ ከተማ ደረሰ። የመጣው ወዶ አይደለም። በመንግሥት ወጪ አሜሪካ ተምሮ ስለነበር የውል ግዴታውን እንዲወጣ ነው በከተማዋ ወደነበረው የመንግሥት የቅቤ ፋብሪካ የተላከው። የአገሩን ቋንቋ ጉጅራቲን አይችልም፣ ወተትም አይወድም። የግዴታው ጊዜ ሲያልቅ ሻንጣውን ሊሸክፍ ነበር። ትሪቡቫንዳስ ፓቴል "የማኅበሩን ማሽኖች ጥቂት አስተካክልልንና ትሄዳለህ" ብለው ለመኑት። ኩሪየን በ2012 እስኪሞት ድረስ አናንድን አልለቀቀም።

ኩሪየን ምን ሠራ? ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያወራልን ስለ ፋብሪካው ነው። በ1955 ባልደረባው ዳላያ ባገኘው ዘዴ ከጎሽ ወተት የዱቄት ወተት ማምረት ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት የውጭ ባለሙያዎች አይቻልም ይሉ ነበር። ህንድ ውስጥ ጎሽ እንደ ላም የሚታለብ የቤት እንስሳ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በክረምት የሚተርፈው ወተት ከመደፋት ዳነ። "አሙል" የሚለው የንግድ ስምም የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው።

ለእኔ ግን ከፋብሪካው የሚበልጠው በየመንደሩ የተዘረጋው አሠራር ነው። ጠዋትና ማታ ገበሬው ወተቱን ይዞ ይሰለፋል። ወተቱ ይለካል፣ ቅባቱም ይመረመራል፤ ክፍያው በቅባቱ መጠን ነው። እንግዲህ ወተት ላይ ውሃ መጨመር ምን ይረባል? በሰልፉ ላይ ከፍተኛ ዘር ነኝ የሚለውም፣ "አትንኩት" የተባለውም በመጣበት ተራ ይቆማል። እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ኮሚቴውን ራሱ ይመርጣል። ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረውም እሱ ነው። ኩሪየን ዕድሜ ልኩን ራሱን የሚጠራው "የገበሬዎች ቅጥረኛ" እያለ ነበር። ሙያና ሥልጣን ቦታ የተለዋወጡት እዚህ ላይ ነው። የተማረው ሰው መጥቶ ያልተማረውን አላስተዳደረም፤ ያልተማረው የተማረውን ቀጠረ።

በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ሻስትሪ አናንድን ሊጎበኙ መጥተው መንደር ውስጥ አደሩና ገበሬውን ራሱን አነጋገሩ። በማግስቱ ዓመት ይህን አሠራር በመላው አገሪቱ የሚያስፋፋ ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ ተቋቋመ፤ ኩሪየንም መሪው ሆነ። በ1970 ታላቁ ዘመቻ ተጀመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ህንድ ከዓለም አንደኛ ወተት አምራች ሆነች።

ምሩቃን አልመጡም

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ከአናንድ ብዙም በማትርቀው አሕመዳባድ ከተማ በ1961 በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ትብብር የህንድ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ተከፍቶ ነበር። የአገሪቱ ምርጥ ጭንቅላቶች ይገቡበታል። የወተት ማኅበራቱ ሲበዙ ሒሳብ የሚሠራ፣ ገበያ የሚያጠና፣ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ሰው በሺዎች ያስፈልጋቸው ጀመር። ግን ከእነዚህ ምሩቃን መካከል ከተማውን ትቶ አቧራማ መንደር ለመግባት የሚፈልገው ጥቂት ነው። ደመወዙም፣ ክብሩም፣ ኑሮውም ያለው በትላልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ ነበርና።

ልጆቹ ክፉ ስለሆኑ ነው? አይመስለኝም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳያቸው የኩባንያ ችግር ነው፤ የሚያውቁትን ችግር ሊፈቱ ሄዱ። ኩሪየን ተማሪዎቹን ከመውቀስ ይልቅ በ1979 አናንድ ውስጥ የገጠር ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት አቋቋመ። እዚያም ሒሳብ፣ ገበያና ፋይናንስ ይሰጣል። ልዩነቱ ተማሪው ለሳምንታት መንደር ውስጥ እየኖረ ገበሬው ከማን እንደሚበደር፣ ለማን እንደሚሸጥ ማጥናት የትምህርቱ ክፍል መሆኑ ነው።

አሕመዳባድ ውስጥም ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የነሳው ሰው ነበር። ራቪ ማታይ ከ1965 እስከ 1972 ኢንስቲትዩቱን ከመሩ በኋላ ወንበራቸውን በፈቃዳቸው ለቀው ወደ ተራ መምህርነት ተመለሱ። በ1975 ከብሔራዊ የዲዛይን ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው ራጃስታን ውስጥ ጃዋጃ ወደተባለ ድርቅ ያጠቃው ወረዳ ወረዱ። ለአካባቢው ልማት የሚሆን ሀብት የለም ይባል ነበር፤ እሳቸው ግን ሰዉ ራሱ ሀብት ነው ብለው ተነሡ። ከሸማኔዎችና ከቆዳ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ዋጋ ማውጣትን፣ ገበያ መፈለግን፣ በማኅበር መደራጀትን አብረው ተማሩ። ፕሮፌሰሩ አስተማሪም ተማሪም ነበሩ። ማታይ በ1984 አረፉ፤ ስለ ጃዋጃ የጻፉት መጽሐፍ በማግስቱ ዓመት ታተመ።

እኛስ?

ይህ ታሪክ ተረት አይደለምና ስንጥቅም አለው። ከአናንድ ኢንስቲትዩት የወጡ ምሩቃንም ከጊዜ በኋላ ወደ ባንክና ወደ ግል ኩባንያ መሄድ አብዝተዋል። ትምህርት ቤት ብቻውን የደመወዝን ልዩነት አያሸንፍም። ተቋሙ ራሱ በ2025 በሕግ የኅብረት ሥራ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ስሙም ከመሐንዲሱ ይልቅ የገበሬዎቹን መሪ ትሪቡቫንዳስን የሚያስታውስ ነው።

በእኛ አገር ማኅበር የሚለው ቃል በደርግ ዘመን ቆስሏል። ገበሬው ከላይ በወረደ ትእዛዝ ተደራጅቶ ስለነበር በ1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኛው የአምራች ማኅበር ተበተነ። በ1998 አዲስ የኅብረት ሥራ አዋጅ ወጣ፤ በ1999 የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ተመሠረተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገበያ ማቅረብ ደግሞ ኮንትራት ማንበብን፣ የዓለም ዋጋ መከታተልንና የማይነቀፍ ሒሳብ መያዝን ይጠይቃል። ይህ የቢዝነስ ትምህርት ዋና ሥራው ነው።

ታዲያ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ተምሮ የሚወጣው ወጣት የት ነው የሚያመለክተው? ጓደኞቻችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ "ባንክ" ይሏችኋል። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራ ነው። ጥያቄዬ ለኮሌጆቹ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ተማሪው የአንድ የገበሬ ማኅበር መዝገብ ገልጦ አይቶ ያውቃል? የመመረቂያ ጽሑፉን ማኅበሩ አንብቦት ያውቃል? ምሁራኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲወያዩ ከኮርሶቹ ዝርዝር በፊት ይህን ቢያነሡት ጥሩ ነው። የካይራ ገበሬዎች ወተታቸውን ያዩት በስብከት አይደለም። ሙያውን ራሳቸው ስለቀጠሩት ነው።