ከእንጦጦ እንጨቱን ማን አወረደው?

ስለ አዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ሲወራ ነገሩ የሚጀምረው ከአፄ ምኒልክ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ሲስፋፋ ግን ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ዛፉን ማን አመጣው በሚለው ላይ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ከተራራው ማን አወረደው?

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም። ከጉቶው ያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና ለቆረጣ ይደርሳል። ቆረጣው በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ነበር፤ መሣሪያው መጥረቢያና መጋዝ። ግንዱና አጣናው በአህያ፣ በኋላም መንገድ ባለበት በጭነት መኪና ይወርዳል። ቅጠሉና ጭራሮው ግን መኪና በማይደርስበት ገደላ ገደል ይቀራል። ከተማው እንጀራውን የጋገረው ደግሞ በዚያ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነድዳል፣ ምጣዱንም ቶሎ ያግለዋል። ያንን ወደ ሽሮ ሜዳና ወደየሰፈሩ ያወረደው የሴት ጀርባ ነው።

ይህን ሥራ የሠሩ እናቶች ከመካከላችን አሉ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ይለቅማሉ፣ በገመድ ይጠፍራሉ፣ ሸክሙን በጀርባቸው አግድም አስተኝተው ይወርዳሉ። በደርግ ዘመን የዓለም የሥራ ድርጅት የደገፈው ጥናት አማካዩን ሸክም 35 ኪሎ ያህል ብሎታል፤ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የተሸከሙም ነበሩ። እናቶቻችን ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያነሡት መነሣቱን ነው። ያን የሚያህል ሸክም ብቻዋን ጀርባዋ ላይ አውጥታ የምትነሣ የለችም፤ አንዷ ሌላዋን ታሸክማለች። መጨረሻ የቀረችው መንገድ ዳር ከወገብ ከፍ ያለ ድንጋይ ትፈልጋለች።

በ1967ቱ የመሬት አዋጆች መሬቱና ደኑ ወደ መንግሥት ሲዞር ያው ሸክም ወንጀል ሆነ። ጥበቃው ደርሶ እንጨቱን ይወስዳል፣ ገመዱን ይቀማል። ገመድ መቀማት ቀላል ይመስላል፤ ለነገው ሥራ ሌላ መሣሪያ እንደሌላት ለሚያውቅ ግን ቀላል አይደለም። ከዚያ የከፋ የደረሰባቸውም አሉ፤ እሱን ባለቤቶቹ ሲፈልጉ ራሳቸው ያወሩታል።

ደን ጨራሾች መባላቸው ግን ዛሬም አይዋጥልንም። ቅጠል በተጠረገ ቁጥር አፈሩ ይራቆታል፤ ይህ እውነት ነው፣ አንክድም። ቢሆንም ግንዱ በሴት ጀርባ አልሄደም።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ዛሬ ሰው ለመዝናናት ይወጣበታል። በየፖስት ካርዱ የታተመችው ተሸካሚ ጎንበስ ብላ ስለተነሣች ፊቷ አይታይም። ከእናንተ መካከል «ያቺ እኔ ነኝ» የምትል እናት ካለች ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ ትበል። ከፈቀደች ታሪኳን በሚቀጥለው እትም ከነስሟ እናወጣለን።