የጨዋታ ስምና የቤት ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። በእኛ ቤት ግን መልአክ ያወጣውን ስም ሁሉም ሰው አይጠራውም ነበር። አያቴ የክርስትና ስሟን ከነፍስ አባቷና ከጥቂት የቅርብ ዘመድ በቀር ለማንም አትናገርም። በልጅነቴ ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «ልጄ፣ ክፉ ሰው ስምህን ከያዘ አንተን ያዘ ማለት ነው፤ መተት የሚሠራው በክርስትና ስም ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁባት። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከመተት ጋር ምንም የማይገናኝ የአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክ ሳነብ ግን ያ ሳቄ አሳፈረኝ። እነሆ ታሪኩን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሊዛርድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» የተሰኘውን ጨዋታ ለሕዝብ ያቀረበው በኖቬምበር 2004 ነው። በኢንተርኔት አማካይነት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት፣ የሚዋጉበት፣ የሚነግዱበትና የሚወዳጁበት ምናባዊ ዓለም ነው። በ2008 መጨረሻ በክፍያ የሚጫወቱት ሰዎች 11.5 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ማንኛውም ተጫዋች ወደዚያ ዓለም ሲገባ አስቀድሞ የሚሆነውን ፍጡር ይመርጣል፤ ስምም ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ዝናውም ውርደቱም የሚጻፈው በዚያ ስም ላይ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የጥንቶቹ ፈረሰኞቻችን በጉግሱም በጦርነቱም የሚጠሩበት የፈረስ ስም ነበራቸው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። እርግጥ ነው፣ የፈረስ ስም ባለቤቱን ለመሸሸግ የወጣ አልነበረም። ነገር ግን ሰው ከቤት ስሙ ሌላ፣ በሥራው የሚሞላው ስም ሊኖረው እንደሚችል፣ ያም ስም ሐሰት እንዳልሆነ ያስተምረናል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በጁላይ 6 ቀን 2010 ብሊዛርድ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ከዚያ በኋላ በኩባንያው የውይይት መድረኮች ላይ የሚጽፍ ተጫዋች ሁሉ፣ ከጽሑፉ ጋር እውነተኛ ስሙ ከነቤተሰብ ስሙ እንደሚታይ የሚገልጽ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ሚዛን የማይደፋ አልነበረም፤ በእነዚያ መድረኮች ላይ ስድብና ነገር ፍለጋ በዝቶ ነበርና፣ ሰው በስሙ ሲጽፍ አንደበቱን ይገራል የሚል ተስፋ ነው። ከኩባንያው ሠራተኞች አንዱም ጉዳት እንደሌለው ለማሳየት ሲል የራሱን ሙሉ ስም ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ፣ የእርሱ ናቸው የተባሉ የስልክ ቁጥርና የመኖሪያ አድራሻ ጭምር ከየቦታው ተለቅመው ለአደባባይ በቁ። ከስሙ በቀር ምንም አልሰጠም ነበር፤ የቀረውን ስሙ ራሱ እየመራ አመጣባቸው።

ተጫዋቾቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተቃውሞ መልእክቶች ጻፉ። በእነዚያ ቀናት ከተነሡት ምክንያቶች ብዙዎቹ ከስድብ መብት ጋር የሚያያዙ አልነበሩም። ሴቶች ሴትነታቸው በታወቀ ጊዜ የሚደርስባቸውን ትንኮሳ አነሡ። ሥራ ፈላጊዎች፣ ነገ የሚቀጥራቸው ሰው ስማቸውን ሲፈልግ የሌሊት ጨዋታቸውን እንዳያገኝ ሰጉ። ስማቸው ብርቅ የሆነ ሰዎች ደግሞ፣ ስማቸውን መስጠት የቤታቸውን በር ከማሳየት እንደማይለይ አስረዱ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የጨዋታዎችን ደረጃ ለሚመድበው የአሜሪካ ተቋም አቤት አሉ። ተቋሙም መልስ ሲሰጥ በስሕተት የሁሉንም የኢሜይል አድራሻ ለሁሉም አሳየ! ምስጢራችን ይጠበቅልን ያሉ ሰዎች በአቤቱታቸው መልስ ተጋለጡ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 9፣ የኩባንያው መሥራችና ኃላፊ ማይክ ሞርሃይም እውነተኛ ስም ግዴታ እንደማይሆን በጽሑፍ አስታወቁ። ከ2011 ማብቂያ ጀምሮም ኩባንያው ሌላ መንገድ አበጀ፤ ተጫዋቹ ራሱ በመረጠውና ቁጥር በተከተለው ቋሚ ስም ይታወቅ ጀመር።

የብሊዛርድ ጨዋታዎች እጅግ በተወደዱባት በደቡብ ኮሪያ ግን ነገሩ ከማስታወቂያ አልፎ ሕግ ነበር። ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ድረ ገጾች አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማንነቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነበረበት። በአደባባይ በብዕር ስም ቢታይም እውነተኛ ማንነቱ በመዝገብ ይያዛል። በጁላይ 2011 ሰርጎ ገቦች ኔትና ሳይወርልድ ከተባሉት ድረ ገጾች የ35 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን መረጃ ዘረፉ። በኦገስት 2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በአንድ ድምፅ ሻረው። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያጠበበውን ያህል ክፉ ጽሑፍን እንዳልቀነሰም ገለጸ።

ሥነ ጽሑፍን የምንወድ ሰዎች ይህን ክርክር ከሩቅ ልንመለከተው አንችልም። የብሮንቴ እኅትማማቾች በ1846 ግጥሞቻቸውን ያሳተሙት በተውሶ ስም ነው። «አዳም ቢድ»ን በ1859 ያስነበበን ጆርጅ ኤልየትም የሜሪ አን ኢቫንስ የብዕር ስም ነው። የቤት ስማቸውን ተገድደው ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ መጻሕፍት ስንቱ ይጻፍ ነበር?

ለተቃራኒው ወገንም ልፍረድ። ጭምብል ለብሶ የሚሳደብ ሰው ያቆስላል፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ተጠያቂነት አንድ ነገር ነው፤ መጋለጥ ሌላ። አባ እገሌ ተብሎ የሚታወቅ ፈረሰኛ ቢያጠፋ የሚዋረደው በዚያው ስም ነው፤ ሰው ለወደደውና ለደከመበት ስም ይሳሳል። በእኛ አገር ደግሞ ስም ብዙ ይናገራል። የአባትን ስም አስከትሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሃይማኖትን፣ ቋንቋን፣ የትውልድ ቀዬን ይጠቁማል። በክፉ ቀን እነዚህ ምን ሊያስከፍሉ እንደሚችሉ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ስለዚህ ስም ባለቤቱ ላመነው ሰው የሚሰጠው አደራ ነው እላለሁ፤ ለጨዋታ መግቢያ የሚከፈል ቀረጥ ሊሆን አይገባም።

አያቴ ካረፈች ቆየች። የክርስትና ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በፍትሐቷ ዕለት ቄሱ ሲጠሩት ነው። እንዴት ያለ ውብ ስም ነበር! እዚህ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የእኔ አይደለም።